የእርሳሷ መስመር

በእንጨት ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ቁምሳጥን፣ የቲቪ ማስቀመጫ፣ የመጽሐፍ መደርደሪያ ስሠራ ነው የኖርኩት። ስለዚህ አንድ በዕድሜ የሚበልጡኝ ደንበኛ መጥተው «ትልቅ የዓሣ አኳሪየም ገዝቻለሁ፤ ማስቀመጫ ሥራልኝ ልጄ» ሲሉኝ የተለየ ነገር አልመሰለኝም። ልኩን ተቀበልኩ። ርዝመቱ 150፣ ወርዱ 50፣ ከፍታው 60 ሳንቲሜትር። ሦስቱን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጽፌ ኪሴ ከተትኳቸው። ማባዛቱ ትዝ አላለኝም።

ባባዛቸው ኖሮ 450 ሊትር ይመጣልኝ ነበር። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው። ባለ 12 ሚሊሜትሩ መስታወት ደግሞ ባዶውን 90 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አሸዋና ድንጋይ ሲገባበት ጠቅላላው ወደ 600 ኪሎ ይጠጋል። እያንዳንዳቸው 75 ኪሎ የሚመዝኑ ስምንት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ወጡ ማለት ነው። ያውም ሌት ተቀን ሳይወርዱ።

ማስቀመጫውን የሠራሁት እንደ ቲቪ ማስቀመጫ ነበር። ከላይ አራት ማዕዘን ፍሬም ገጠምኩ። እግሮቹን ከፍሬሙ ውስጠኛ ጎን ለጥፌ በብሎን አሰርኳቸው። ጫፋቸው ወደ ላይ ወጥቶ ገበታውን እንዳያነሳብኝ ብዬ ከፍሬሙ ትንሽ ዝቅ አደረግኳቸው። ጀርባውን ለቱቦና ለኤሌክትሪክ ገመድ እንዲመች ክፍት ተውኩት። ቀለሙ፣ በሩ፣ ማጠፊያው ሁሉ አማረ። ባዶውን ላዩ ላይ ቁጭ ብዬ ሞከርኩት። ንቅንቅ አላለም።

በተቀጠረው ቀን ከረዳቴ ጋር ሄደን ተከልነው። ውኃ መሙላት ጀመርን። ሲጋመስ ፊልተሩን ከታች ላስገባ በሩን ከፈትኩ። መልሼ ልዘጋው ስል የላይኛው ጠርዙ ፍሬሙን ፈተገው። ጠዋት እኮ በበሩና በፍሬሙ መካከል 2 ሚሊሜትር ክፍተት ነበር! በዓይኔ ያየሁት ነው።

ተንበርክኬ የስልኬን መብራት ወደ ውስጥ አበራሁ። ስገጥም እግሩና ፍሬሙ ላይ ባንድነት ያሰመርኳት የእርሳስ መስመር አለች። ቦታውን እንዳልስት ያሰመርኳት ነች። አሁን ለሁለት ተከፍላለች። የፍሬሙ ግማሽ ከእግሩ ግማሽ ዝቅ ብሏል። በብሎኑ ዙሪያ ደግሞ እንጨቱ በስሱ ተሰንጥቋል። ያ ሁሉ ክብደት እግሩ ላይ አላረፈም። ብሎኖቹ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ውኃው ቶሎ ይዘጋ አልኩ። «ይቅርታ አባቴ፣ የሞላነውን ማውጣት አለብን» አልኳቸው። ምክንያቱንም ሳልሸፍን ነገርኳቸው። ዝም ብለው መስመሯን አዩና ቱቦውን ራሳቸው አቀበሉኝ። ደግነቱ ዓሦቹ ገና በድሮው ትንሽ ገንዳ ውስጥ ነበሩ።

ወርክሾፕ ስመለስ ለአለቃዬ ለጋሼ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ቁራጭ እንጨት አንስተው ጠረጴዛው ላይ አቆሙና ሌላውን ከላዩ አጋደሙበት። «ብሎን ያያይዛል እንጂ አይሸከምም። ከላይ እስከ መሬት እንጨት በእንጨት ላይ ይረፍ» አሉኝ።

እንደገና ስሠራው ፍሬሙ በእግሮቹ አናት ላይ ተቀመጠ። እግሮቹም በታችኛው ፍሬም ላይ። ብሎኑ ሁሉ ቢወልቅ እንኳ ክብደቱ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ አለው። ጀርባውን በ12 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ በኮላና በብሎን ደፈንኩት፤ ለቱቦው ቀዳዳ ብቻ ተውኩ። ይሄ በጣም አስፈላጊ ነው። ክፍት ሳጥን ወደ ታች ቢጫኑት ይችል ይሆናል፤ ወደ ጎን ሲገፉት ግን ይንጋደዳል። ለገበታው ቺፕውድ አልተጠቀምኩም። ውኃ ሲነካው ያብጥና ይፈርሳል፤ አኳሪየም ባለበት ደግሞ ውኃ መንጠባጠቡ አይቀርም። የተቆረጡትን ጠርዞች ሳይቀር ቫርኒሽ ቀባኋቸው።

ስንተክለው ወለሉ ትንሽ ያዘነብል ነበር። ማስተካከያዋን ሽብልቅ ከማስቀመጫው እግር ሥር አደረግናት እንጂ ከመስታወቱ ሥር አላደረግንም። መስታወት እኩል ካረፈ ብዙ ይችላል። አንድ ጥጉ ከተንጠለጠለ ግን ይጠመዘዛል፤ ያኔ ነው የሚሰነጠቀው። የእሳቸው መስታወት ከሥሩ የፕላስቲክ ክፈፍ ስላልነበረው ስስ ፎም አነጠፍንለት። ከሥር ክፈፍ ላለው ግን ፎም አብዛኛውን ጊዜ አይደረግም።

ውኃውን አንድ ሦስተኛ ሞልተን ቆምን። በአራቱም ጥግ ከውኃው ፊት እስከ መስታወቱ አፍ ለካሁ። ውኃ ራሱ ውኃ ልክ ነው፤ አይዋሽም። አራቱም እኩል ሆኑ። ደግመን ሞላን፣ ደግሜ ለካሁ። በሩ ሳይፈትግ ተዘጋ።

እግሩና ፍሬሙ በተገናኙበት ቦታ ሌላ የእርሳስ መስመር አስምሬ ነበር። በሳምንቱ ሳልጠራ ሄድኩ። ዓሦቹ ገብተዋል። ደንበኛዬ «ለማየት ነው ወይስ ለመለካት?» አሉኝ። «መጀመሪያ መስመሯን ልይ» ብዬ ተንበረከክሁና መብራቱን አበራሁ። እንዳሰመርኳት ነች።