ዲስከቨሪን ለማየት ወደ ሻንቲሊ

ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ ምዕራብ ሲነዱ፣ ደለስ አየር ማረፊያን ታክካ ሻንቲሊ የምትባል ቦታ አለች። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውሮፕላናችን የሚያርፈው ደለስ ስለሆነ ብዙ ሀበሻ በአጠገቧ ያልፋል። ሻንጣውን ይቀበላል፣ ዘመድ አቅፎ ይስመዋል፣ ወደ አሌክሳንድሪያ ወይም ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ይወስደዋል። እዚያው አጠገቡ ዲስከቨሪ የምትባል፣ ጠፈር ደርሳ የተመለሰች የናሳ መንኮራኩር (ሻትል) መቆሟን የሚነግረው የለም። ለእኔ የነገረኝ የእህቴ ልጅ ነው። ቨርጂኒያ ተወልዶ ያደገ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው፤ የሳይንስ ልብ ወለድ ነፍሱ ነው። "አጎቴ፣ ዲስከቨሪን ሳታይማ አዲስ አበባ አትመለስም" አለኝ። እናቱ ከሰርግና ከለቅሶ ቤት ጥሪ መሀል አንድ ቅዳሜ አስለቀቀችልን።

ቦታው ኡድቫር-ሄዚ ማዕከል ይባላል። የስሚዝሶኒያን አየርና ጠፈር ሙዚየም ሁለተኛው ቤት ነው። የተከፈተው በ2003 ነው (ዓመቶቹንም ወራቱንም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሲገቡ መጀመሪያ የሚታየው ኤስአር-71 የሚባለው ጥቁር የስለላ አውሮፕላን ነው። ልጁ ግን እሱን ለማየት ፋታ አልሰጠኝም። በጎኑ አሳልፎ ወደ ጠፈር አዳራሹ ወሰደኝ።

ዲስከቨሪ ፎቶ ላይ ነጭ ናት። ፊት ለፊቷ ሲቆሙ ግን ሥራ ላይ የኖረች መሆኗ ይታያል። ሆዷና ጎኗ ሙቀት በሚከላከል ንጣፍ፣ በታይል፣ የተሸፈነ ነው፤ ከ24,000 በላይ ታይል። እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው፤ የአንዱን ቦታ ሌላው አይተካውም። ወደ ምድር ስትመለስ አፍንጫዋና የክንፎቿ ጫፍ 1,600 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይግሉ ነበር። የእሳቱ ጭረት ዛሬም አልተወለወለም። እንደመጣች ነው ያቆሟት፤ ደግ አደረጉ። ከ1984 እስከ 2011 ድረስ 39 ጊዜ በርራለች። ቀኑ ቢደመር ጠፈር ላይ የቆየችው 365 ቀን ነው፤ አንድ ሙሉ ዓመት። ጠፈር ላይ ሆኖ ከዋክብትን የሚቃኘውን የሐብል ቴሌስኮፕን በ1990 ወደ ላይ ያደረሰችው እሷ ናት። የጋላክሲ ፎቶ በስልኩ ስክሪን ላይ ያደረገ ሰው ሁሉ የዚህችን መርከብ ውለታ ይዞ ይዞራል ማለት ይቻላል።

አንድ በዕድሜ የገፉ በጎ ፈቃደኛ አስጎብኚ አጠገባችን ነበሩ። ልጁ ቀና ብሎ "ኢንተርፕራይዝስ የት ሄደች?" አላቸው። ፊታቸው በራ። ኢንተርፕራይዝ፣ ናሳ የሠራት የመጀመሪያዋ ሻትል፣ እስከ 2012 ድረስ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ቆማ እንደነበር ነገሩን። ዲስከቨሪ ስትመጣ ሁለቱን ውጭ ላይ አፍንጫ ለአፍንጫ አቆሟቸው። ከዚያ ቦታ ተለዋወጡ፤ ኢንተርፕራይዝ ወደ ኒውዮርክ ሄደች።

እኔን የማረከኝ የኢንተርፕራይዝ ስም ታሪክ ነው። ናሳ የመጀመሪያዋን ሻትል ሲሠራ ያሰበላት ስም "ኮንስቲትዩሽን" ነበር። ስለ ጠፈር ጉዞ የሚተርከው የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም፣ የስታር ትሬክ፣ አድናቂዎች ይህን ሲሰሙ ዝም አላሉም። በተከታታይ ፊልሙ ውስጥ ያለችው መርከብ ስም፣ ኢንተርፕራይዝ፣ ይሰጣት ብለው ደብዳቤ መጻፍ ጀመሩ። ደብዳቤ መጻፍ ደግሞ ያውቁበታል። በ1968 ፕሮግራሙ ሊቋረጥ ነው ሲባል ጣቢያውን በደብዳቤ አጥለቅልቀው አንድ ተጨማሪ ዙር አስገኝተው ነበር። አሁን ደብዳቤው ወደ ዋይት ሀውስ ጎረፈ። ፕሬዚዳንት ፎርድ ሰሙ፤ ስሙ ተቀየረ። መስከረም 1976 ካሊፎርኒያ፣ ፓልምዴል ላይ መርከቧ ከፋብሪካ ስትወጣ ተዋንያኑ ከፊት ተሰልፈው ቆመው ነበር። ኢንተርፕራይዝ ራሷ ጠፈር ደርሳ አታውቅም። በ1977 ከአውሮፕላን ጀርባ ላይ እየተለቀቀች አየር ላይ ተፈተነች። ከእሷ በኋላ የመጡት ያለ ሞተር ተንሳፍፈው ማረፍ እንደሚችሉ የታወቀው በእሷ ነው።

ይህን ስሰማ አንድ ነገር ከነከነኝ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ፊልም የሚወድ ልጅ "ጊዜህን አታጥፋ፣ ደብተርህን ያዝ" ይባላል። እነዚያ ደብዳቤ ጸሐፊዎች ግን ተማሪዎች፣ የቤት እመቤቶች፣ የቢሮ ሠራተኞች ነበሩ። ኢንጂነር መሆን አላስፈለጋቸውም። ወደዱ፣ ጻፉ፣ ተሰማላቸው።

በዚያው 1977 ናሳ ሌላ ሰው ጠራ። ኒሼል ኒኮልስ ትባላለች፤ በስታር ትሬክ የመገናኛ መኮንኗ ኡሁራ ሆና የተጫወተችው። ፕሮግራሙ በ1966 ሲጀመር ጥቁር ሴት በአሜሪካ ቴሌቪዥን አብዛኛውን ጊዜ የምትታየው የቤት ሠራተኛ ሆና ነበር። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ልትለቅ ስትል ማርቲን ሉተር ኪንግ እንዳትለቅ እንደለመኗት እሷው ደጋግማ ተናግራለች። ናሳ የጠራት ሴቶችና ጥቁሮች ለጠፈርተኝነት እንዲያመለክቱ እንድትቀሰቅስ ነው። በ1978 ከተመረጡት 35 ሰዎች ስድስቱ ሴቶች፣ ሦስቱ ጥቁሮች ነበሩ። ጠፈር የደረሰችው የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ሴት ሳሊ ራይድ እዚያ ውስጥ አለች። በ1983 ጠፈር የደረሰው የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ጋይ ብሉፎርድም አለ። ከእነሱ በኋላ ሜይ ጀሚሰን መጣች። ልጅ ሆና ኡሁራን እያየች ነው ያደገችው። በ1992 ጠፈር የደረሰች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። ኒኮልስ በ2022 አረፈች፤ ጥር 2024 ደግሞ ከአመዷ ጥቂቱ በሮኬት ወደ ጥልቁ ጠፈር ተላከ።

ልጁ ቀጥሎ የወሰደኝ ወደ አንድ የፊልም መርከብ ሞዴል ነው። በ1977 በወጣ ፊልም ላይ ከሌላ ዓለም የመጣችው እናት መርከብ ናት። ሞዴሉን የሠሩት ሰዎች ካሜራ የማይደርስበት ቦታ ላይ ጥቃቅን ነገር ሸሽገውበታል። የፖስታ ሳጥን አለ፣ ቮልስዋገን አለ፣ የስታር ዎርሷ ትንሽ ሮቦት አርቱ ዲቱም አለች። እሷን ፍለጋ መስታወቱ ላይ ተለጥፈን ቆየን። አጠገባችን የነበረ አንድ የማናውቀው ሰው በጣቱ አሳየን። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ እንግዳ የሚባል የለም።

ከዚያ ልጁ "እኛስ? የኢትዮጵያ የሆነ ምን አለ?" ብሎ ጠየቀኝ። መልስ ስለነበረኝ ደስ አለኝ።

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነገርኩት። ናሳ በጥቅምት 2021 ሉሲ የምትባል መንኮራኩር አመጠቀ። ስሟን ያገኘችው በ1974 ሐዳር ላይ ከተገኘችው አፅም ነው። አፅሟ ደግሞ ሉሲ የተባለችው ቆፋሪዎቹ ሰፈር ውስጥ ከሚሰማ የቢትልስ ዘፈን ነው፤ እዚህም ላይ የአድናቂ እጅ አለበት። መንኮራኩሯ የምትሄደው በጁፒተር መንገድ ላይ ወዳሉት አስትሮይዶች (በፀሐይ ዙሪያ የሚዞሩ አለቶች) ነው። በመንገዷ ላይ፣ ኅዳር 1 ቀን 2023፣ በአንዲት ትንሽ አስትሮይድ አጠገብ አለፈች። የአስትሮይዷ ስም ድንቅነሽ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አትሞላም። ሳይንቲስቶቹ ፎቶውን ሲያዩ የራሷ ጨረቃ አላት። ቀጥሎ የመጣው ፎቶ ደግሞ ያቺ ጨረቃ ራሷ ሁለት ተጣብቀው የቆሙ ድንጋዮች መሆኗን አሳየ። አንዲት ብለው ሄደው ሦስት አገኙ። እንዲህ ያለ ጨረቃ ከዚያ በፊት ታይቶ አያውቅም። ስሟንም ሰላም አሏት፤ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በ2000 ዲኪካ ላይ ባገኛት ሕፃን ስም።

"ሰላም? እንደ አያቴ?" አለኝ። አዎ፣ እንደ አያትህ። ወዲያው ስልኬን ተቀብሎ ፎቶዋን ፈለገና ለእናቱ ላከላት።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ መግቢያ በነጻ ነው፤ የሚከፈለው ለመኪና ማቆሚያ ብቻ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ክፍት ነው። መኪና የሌለው በሲልቨር ላይን ባቡር ሄዶ 983 ቁጥር አውቶቡስ ይያዝ። አስጎብኚዎቹን ጠይቋቸው፤ መጠየቅ ይወዳሉ። የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ አትዘግዩ። በ2025 የአሜሪካ ምክር ቤት የጠፈር መርከብ ወደ ሂውስተን ለማዛወር 85 ሚሊዮን ዶላር መድቧል፤ የታሰበችው ዲስከቨሪ ናት። ስሚዝሶኒያን መርከቧን ሳይፈታቱ ማጓጓዝ እንደማይቻል ገልጾ ተቃውሟል። ታይሎቿን በቅርብ ስላየሁ እኔም ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነኝ። የእህቴ ልጅ ለምክር ቤት አባሉ ደብዳቤ ሊጽፍ ነው፤ ፊደሉን የማርመው እኔ ነኝ።