ማክሰኞ ነበር

ዛሬ ከእንቅልፌ ስነሳ ጀምሮ ደብሮኛል። ምክንያት የለውም። ፍሎረንስ መጥቶ መደበር ነውር ነው፤ አውቃለሁ። ግን ሙቀቱ፣ ሰልፉ፣ ዣንጥላ ወደ ላይ ይዞ ሰው የሚነዳው አስጎብኚ፣ ሁሉም አንገሸገሸኝ። አብራኝ የመጣችው እሷ ደግሞ የሚታዩ ነገሮች ዝርዝር ይዛለች። ታውቋታላችሁ፤ ዝርዝር ከያዘች አለቀ።

ዱኦሞን፣ ትልቁን ካቴድራል፣ ትናንት ወጣነው። 463 ደረጃ ነው። ጉልላቱ ድርብ ነው፤ አንዱ በሌላው ውስጥ። ደረጃው በመሃላቸው እየተጠማዘዘ ይወጣል። አርክቴክቱ ብሩኔለስኪ በ1420 ጀምሮ በ1436 ሲጨርሰው ከሥር የሚሸከም የእንጨት ድጋፍ አላቆመም ይባላል። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳትጣሉኝ።) የእኔ ጉልበት ግን ድጋፍ ፈልጎ ነበር።

የሚካኤል አንጄሎን ሐውልት፣ ዳዊትንም አየነው። 5 ሜትር ከ17 ሳንቲም ነው። ለእኔ ዳዊት ማለት ዘውድ ደፍቶ በገና የሚደረድር ሽማግሌ ነው። ይሄኛው ልብሱን ጥሎ ወንጭፉን ትከሻው ላይ ጣል ያደረገ ጎረምሳ ነው። እማዬ ብታየው ነጠላዋን አውልቃ ታለብሰው ነበር።

ዛሬ ተራው የኡፊዚ ሙዚየም ነበር። ቦቲቸሊ የሣላት ቬኑስ ፊት ያለው ሕዝብ አይጣል ነው፤ ከስልክ በስተቀር የሚታይ የለም። ትቻት ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ረጅም ነው፣ ግድግዳው ጣሪያው ሥር በሰዎች ፊት ተሞልቷል። ንጉሦች፣ ሱልጣኖች፣ ጳጳሳት። ማንም ቀና ብሎ አያያቸውም። እዚያ መሃል አፄ ልብነ ድንግል አሉ! ስማቸው በላቲን ፊደል ተጣሟል እንጂ እሳቸው ናቸው። ክሪስቶፋኖ የሚባል ሠዓሊ ነው የሣላቸው። በዓይኑ አይቷቸው አይደለም፤ የከተማው ገዢዎች ሜዲቺዎቹ ኮሞ የሚባል ከተማ ልከውት እዚያ ከነበረ ስብስብ ገልብጦ ነው። በ1552 ሥራውን ሲጀምር ንጉሡ ከሞቱ ዓመታት አልፈዋል።

ሥዕላቸው ከመምጣቱ በፊት ግን በእግራቸው የመጡ ነበሩ። እዚህ ላይ ነው ሐሳቤ የሄደው።

በ1441፣ በአፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን፣ እዚህ ከተማ ትልቅ የአብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ነበር። ከኢየሩሳሌም ገዳማችን አበምኔቱ ኒቆዲሞስ መልእክተኞች ላኩ። ዲያቆን ጴጥሮስ ፖፕ ኤውጄኒዮስ 4ኛ ፊት ቆሞ ተናገረ። እንግዲህ አስቡት። ዱኦሞ ያኔ ጉልላቱ ካለቀ አምስት ዓመቱ ነው፤ አዲስ ሕንፃ። ዳዊት ገና ድንጋይ ነው። ቬኑስ አልተሣለችም። ጊቤርቲ የሚባለው ቀራፂ የመጥመቂያው ቤት የነሐስ በር ላይ እየሠራ ነው፤ የበሩ የመጨረሻ ሥዕል ደግሞ ንግሥተ ሳባና ሰሎሞን ናቸው! የእኛ ሰዎች ያንን አይተውት ይሆን? «ይቺ እኮ የእኛ ናት» ብለው ይሆን?

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እዚህ የደረሱት ኦገስት መጨረሻ ላይ ነው። በዚያ ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር መስከረም 1 የሚውለው ኦገስት 29 ነበር። ዲያቆኑ የተናገረው ሴፕቴምበር 2 ነው። መስከረም 5 ማለት ነው። ስለዚህ እንቁጣጣሽ ያገኛቸው እዚሁ ነው።

አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ያ እንቁጣጣሽ በምን ቀን እንደዋለ በባሕረ ሐሳብ ላሰላ ነው። ዓመቱ በእኛ 1434 ነው። 5500 ሲደመር 1434፣ 6934። ለአራት ሲካፈል 1733፣ ቀሪ ሁለት፤ ዘመነ ማርቆስ። 6934 እና 1733 ሲደመሩ 8667። ለሰባት ሲካፈል ቀሪ አንድ። ቀሪ አንድ ከሆነ ዕለቱ ማክሰኞ ነው። ልቤ ደነገጠ፣ በእውነት። አንድ ነገር ያገኘሁ መሰለኝ። ምን እንዳገኘሁ ግን አትጠይቁኝ።

«የካራቫጆን ሥዕል አየኸው?» አለችኝ ስትመጣ።

«ማክሰኞ ነው» አልኳት።

«ዛሬ ሐሙስ ነው። የቲኬቱን ዋጋ ግን ታውቀዋለህ?»

ስንመለስ ፖንቴ ቬኪዮን ተሻገርን። ድልድዩ ከ1345 ጀምሮ የቆመ ነው፤ ግራና ቀኙ ወርቅ ቤት ብቻ። እሷ ወርቁን ታያለች። እኔ ግን በ1593 ፈርዲናንዶ የሚባለው ገዢ ሽታው አስመርሮት ሥጋ ሻጮችን አባርሮ ነው ወርቅ አንጥረኞችን ያስገባው ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። ማንም አልጠየቀኝም። አንዱን የጆሮ ጌጥ ስታሳየኝ «ፍልሰታ እኮ መልእክተኞቹ ሲደርሱ ተፈትቶ ነበር» አልኩ። ነገ ለብቻዋ እንደምትዞር ነግራኛለች፤ እውነቷን ነው።

በዚያ እንቁጣጣሽ አደይ የለ፣ ጠላ የለ፣ አበባየሆሽ የሚል ልጅ የለ። ማክሰኞ ስለሆነ ጾም አይደለም። መነኩሴዎቹስ ይሁን፣ ሥጋ አይበሉም። ዲያቆኑ ግን ምን በልቶ ዋለ?