ማይሎማን ከላቦራቶሪ ወንበር፦ እስካሁን የገባኝ

ፍኖተ ሰላም አካባቢ የምንሠራ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ተራ በተራ አንድ አንድ በሽታ ይዘን ማንበብ ጀምረናል። የኔ ድርሻ መልቲፕል ማይሎማ የሚባለው የደም ካንሰር ነው። የደም ካንሰር ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ሉኪሚያ ነው። ማይሎማ ግን ነጭ የደም ሴል ቆጠራ ላይ ብዙ ጊዜ ምንም አያሳይም።

ነገሩ የሚጀምረው መቅኔ ውስጥ ነው። የፕላዝማ ሴል ሥራ አንቲቦዲ፣ ማለትም በሽታ የሚከላከል ፕሮቲን፣ ማምረት ነው። አንዱ ይበላሽና ይራባል፤ ዘሩ በሙሉ አንድ ዓይነት፣ ለምንም የማይረባ ፕሮቲን ያመርታል። መቅኔው ሲጣበብ ደም ያንሳል። አጥንት ይቦረቦራል፣ ካልሲየሙም ወደ ደም ይገባል። ላይት ቼይን የሚባለው የፕሮቲኑ ክፍል ደግሞ የኩላሊትን ቱቦዎች ይደፍናል። ሐኪሞች የሚይዙት ልክ ይህ ነው፦ ካልሲየም ከ11 mg/dL በላይ፣ ክሬአቲኒን (የኩላሊት ሥራ መለኪያው) ከ2 mg/dL በላይ፣ ሄሞግሎቢን ከ10 g/dL በታች፣ አጥንት ላይ ቀዳዳ።

እኔን የገረመኝ በእጃችን ያለው ነገር ነው። ኢኤስአር (ቀይ ሴሎች በሰዓት ስንት ሚሊሜትር እንደሚዘቅጡ የሚለካው) ከ100 በላይ ወጥቶ ሞርፎሎጂ ላይ፣ ማለትም የደም ስላይድ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ቀይ ሴሎቹ እንደ ሳንቲም ክምር ከተደረደሩ ቆም ማለት ነው። ግን ስላይዱ ወፍሮ ከተሠራበት ቦታ አትዩ፤ እዚያ የጤነኛ ሰው ደምም ይደረደራል። ቶታል ፕሮቲን ካላችሁ አልቡሚኑን (ዋናውን የደም ፕሮቲን) ቀንሱለት። ልዩነቱ ከ4 g/dL ካለፈ ጥያቄ ያስነሳል። ኤችአይቪና የጉበት በሽታም ከፍ ያደርጉታል፣ ስለዚህ ለብቻው ምንም አይወስንም።

ሽንት ላይ ያለው ደግሞ ይብሳል። ዲፕስቲክ፣ ሽንት ውስጥ የሚነከረው ቀጭን ስትሪፕ፣ በዋናነት የሚይዘው አልቡሚንን ነው፤ ላይት ቼይን ያልፈዋል። ያ ብዙዎቻችን የተውነው የሰልፎሳሊሲሊክ አሲድ ምርመራ ግን ሁለቱንም ያደፈርሳል። ዲፕስቲኩ ኔጋቲቭ ሆኖ ይኼኛው ከደፈረሰ ውጤቱን ወረቀት ላይ ብቻ ጽፎ መላክ አይበቃም። ሐኪሙን አናግሩት።

ማረጋገጫው እኛ ጋ አይደለም። ኤሌክትሮፎረሲስ (ፕሮቲኖችን በኤሌክትሪክ ለይቶ በግራፍ የሚያሳይ ምርመራ) እና የመቅኔ ናሙና ያስፈልጋል፤ መቅኔው ውስጥ ቢያንስ 10 በመቶ የተበላሹ ፕላዝማ ሴሎች መገኘት አለባቸው። እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ደግሞ 60 በመቶ ከደረሱ ሌላ ጉዳት ባይታይም ሕክምና ይጀመራል።

እኛ አገር ችግሩ ምልክቱ ተራ መምሰሉ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ጤፍ ያጨደ ሰው ወገቤን አለ ቢባል ማን ይደነግጣል? «ብርድ ነው»፣ «ሪህ ነው» ይባላል። ዲክሎፌናክ ይወጋል፣ ይሻለዋል፣ ደግሞ ይመለሳል። ማይሎማ ከሆነ ግን ያ መርፌ የተጎዳውን ኩላሊት ይጨርሰዋል። የአከርካሪ ቲቢም መታሰብ አለበት፣ እውነት ነው። ግን ከ60 ዓመት በላይ የሆነ ሰው የወገብ ሕመም፣ ደም ማነስና የክሬአቲኒን መጨመር አንድ ላይ ሲመጡበት ሦስቱን ለየብቻ ማከም አይገባም። እግሩ ከሰነፈ ወይም ሽንት ከተከለከለ ደግሞ ሕብለ ሰረሰሩ ተጨቁኖ ሊሆን ይችላል። ለነገ የሚባል አይደለም፤ በዕለቱ ሪፈር ነው።

ስለ ሕክምናው ገና ብዙ ይቀረኛል። ቦርቴዞሚብ፣ ሌናሊዶማይድና ዴክሳሜታዞን የሚባሉት መድኃኒቶች አብረው ይሰጣሉ፤ የሰውነት አቅሙ ለሚችል ሰው የራሱ ስቴም ሴል (ደም የሚያመነጨው ሴል) ተወስዶ ከከባድ ኬሞ በኋላ ይመለስለታል። ብዙ ጊዜ ጨርሶ አይድንም። ለዓመታት ጋብ ይልና ያገረሻል። ቦርቴዞሚብ ላይ ያለ ሰው አልማዝ ባለጭራ ስለሚያሰጋው አሳይክሎቪር ይጨመርለታል። ለአጥንቱ ዞሌድሮኒክ አሲድ ይሰጣል፤ ከዚያ በፊት ጥርሱ ይታያል፣ መድኃኒቱ የመንጋጋ አጥንት ሊጎዳ ስለሚችል።

ቀጥዬ የያዝኩት የኤሌክትሮፎረሲስ ግራፍ ማንበብ ነው። የማይሎማውን ሹል ጫፍ ከኢንፌክሽኑ ሰፊ ጉብታ መለየት መልመድ እፈልጋለሁ። ጥርት ያለ ምስል ያላችሁ፣ የታካሚውን ስም ሸፍናችሁ ላኩልኝ።