ትራማዶልን እንደ ቆሎ

ወገቤ የተበላሸው በጀግንነት አይደለም። ፍኖተ ሰላም፣ ቤቴ ደጃፍ ላይ፣ አንድ ኩንታል ጤፍ ከባጃጅ ሳወርድ ነው። ዲስክ ተንሸራቷል ተባልኩ። ትራማዶል 50 ሚሊግራም፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ10 ቀን ታዘዘልኝ። እኔ 7 ወር ወሰድኩት።

ወረቀቱ ካለቀ በኋላ እንኳ አንድ መድኃኒት ቤት ምንም ሳይጠይቀኝ ይሰጠኝ ነበር። ሁለቱ ሦስት ሆነ፣ ሦስቱ አራት። መጨረሻ ላይ በቀን 6 ደረስኩ። የሚገርመው የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ስለ መጠን ስለፈልፍ ነው የምውለው። የራሴን ግን ቆጥሬው አላውቅም።

ከዚያ ለ3 ቀን ሥልጠና ደብረ ማርቆስ ሄድኩ። አክስቴ ቤት አረፍኩ። ቦርሳዬን ስፈታ ክኒኑ የለም፤ ጠረጴዛ ላይ ረስቼዋለሁ። ወገቤን ችዬው እከርማለሁ ብዬ ተኛሁ።

በማግሥቱ ማዛጋት ጀመረኝ። የእንቅልፍ ማዛጋት አይደለም። መንጋጋ የሚያላቅቅ፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላው የሚመጣ። ዓይኔ ያለቅሳል፣ አፍንጫዬ ይፈሳል። ቆዳዬ እንደ ተነጨ ዶሮ ሆነ። የማርቆስ ብርድ ነው አልኩ። ከጮቄ በኩል የሚመጣውን ነፋስ የቀመሰ አይፈርድብኝም። አክስቴ ግን ማዛጋቴን አይታ ወዲያው ፈረደች።

«የሰው ዓይን ነው! ሥልጠና ላይ ምን በልተህ ነው አንተ ልጅ?»

ጤና አዳም አሽታ አፍንጫዬ ሥር ያዘችልኝ። ሽታው ደስ ይላል፤ ከዚያ በላይ ግን ምንም አላደረገልኝም። ማታውን ሆዴ ተበጠበጠ። እግሬ አላርፍ አለ። ጎኔን በቀየርኩ ቁጥር ጭንቅላቴ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደ ነካው ሰው ንዝር ያደርገኛል። ከሁሉ የባሰው ፍርሃቱ ነው። ያለ ምክንያት ልቤ ይመታል፣ ግድግዳው ላዬ ላይ የሚናድ ይመስለኛል። 43 ዓመቴ ነው። አክስቴን መብራቱን እንዳታጠፋ ለመንኳት።

እንደ ተመለስኩ የድሮ ተማሪዬ ጋ ሄድኩ። አሁን ፋርማሲስት ናት።

«ቲቸር፣ በቀን ስንት ይወስዳሉ?»

«ስድስት።»

ዝም አለች። «ከሱ ጋር ሌላስ?»

«ለነርቭ የታዘዘልኝ አሚትሪፕቲሊን አለ። ማታ ማታ ደግሞ... ትንሽ አረቄ።»

እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «እስካሁን አለመንቀጥቀጥዎ!»

ለካ ትራማዶል ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል ከባድ ሕመም እንደሚያስታግሰው እንደ ሞርፊን ነው የሚሠራው። በሌላ በኩል ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን የሚባሉትን የአንጎል ኬሚካሎች ያንቀሳቅሳል፤ እንደ አንዳንድ የድብርት መድኃኒት ማለት ነው። መጠኑ ሲበዛ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ያመጣል። ከአሚትሪፕቲሊን ጋር ሲደረብ ደግሞ አደጋው ይብሳል። ሲቆምም የሚያሰቃየው በሁለቱም ፊቱ ነው። ማዛጋቱ፣ ንፍጡና ተቅማጡ የሞርፊን ወገን ነው። ንዝረቱና ፍርሃቱ ደግሞ የሌላው። ሞርፊን ሲቋረጥ ይህን ሁለተኛውን ብዙም አያመጣም። የሞርፊን ጣጣ መድኃኒቱ ከቆመ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ያህል ቆይቶ ይጀምራል፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይከፋል፣ በሳምንት ግድም ይለቃል። ሜታዶን የሚባለው ሌላው የሞርፊን ወገን ደግሞ ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ ጣጣው አንድ ሁለት ቀን ዘግይቶ ይመጣና ሁለት ሦስት ሳምንት ይከርማል።

ስድስቱን በአንዴ አላስጣለችኝም። በየሳምንቱ አንድ እንድቀንስ ነገረችኝ። አሚትሪፕቲሊኑን ከሐኪሜ ጋር ተነጋግረን አስተካከልነው፤ አረቄው ወዲያው ቀረ። እስከ ሁለት ድረስ ተመቸኝ። የመጨረሻዋ አንዲት ክኒን ብቻዋን ሦስት ሳምንት ፈጀችብኝ። ከጨረስኩ በኋላ አንድ ነገር አጥብቃ አስጠነቀቀችኝ። «ቲቸር፣ አንድ ቀን ወገብዎ ቢነሳ ስድስቱን እንዳይሞክሯት። ሰውነትዎ ረስቷታል።» ብዙ ሰው የሚሞተው ለካ እንዲህ ነው፤ ትቶ ቆይቶ ወደ ድሮው መጠን ሲመለስ።

ይህ ሁሉ ያለፈው ዓመት ወሬ ነው። ዘንድሮ የአጎቴ ነገር መጣ።

አጎቴ ደምበጫ አካባቢ ገበሬ ነበር። የፕሮስቴት ካንሰር አጥንቱ ውስጥ ገባ። መተኛት ስላልቻለ ሌሊቱን ጋቢውን ተከናንቦ መደብ ላይ ተቀምጦ ነው የሚያነጋው። ሐኪሙ ሞርፊን አዘዘ። ቤተሰቡ እንደ ለቅሶ ተሰበሰበ።

«ሞርፊን ከተጀመረማ አለቀ ማለት አይደል?» አለች ሚስቱ።

እሱ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ነበረው። «በሰባ ዓመቴ ሱሰኛ ልታደርጉኝ ነው?»

በዚያ ሰሞን ነው ሒሳቡን የሠራሁት። ሐኪሞች የእነዚህን መድኃኒቶች ጉልበት የሚሰፍሩት በሞርፊን ነው፤ እኛ እህል በቁና እንደምንሰፍር። ትራማዶል በአፍ ሲወሰድ የሞርፊን አንድ አሥረኛ ግድም ነው፤ አንዳንዱ ሠንጠረዥ አንድ አምስተኛ ያደርገዋል። ኮዴይንም ከዚያ ብዙም አይርቅም። አሜሪካኖቹን ያስለቀሰው ኦክሲኮዶን የሞርፊን አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ፌንታኒል ከ50 እስከ 100 እጥፍ ስለሆነ ማደንዘዣ ሰጪዎች በማይክሮግራም ነው የሚለኩት። ሆስፒታል የተኛ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የፔቲዲን መርፌ ደግሞ ከስሙ ያነሰ ነው። 100 ሚሊግራሙ ከ10 ሚሊግራም የሞርፊን መርፌ አይበልጥም። ቶሎ ያልቃል። ከተደጋገመ፣ በተለይ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው፣ ዝቃጩ ተጠራቅሞ ያንቀጠቅጣል።

ለአጎቴ የታዘዘው 5 ሚሊግራም፣ በየ4 ሰዓቱ ነው። በቀን 30። የእኔ ስድስት ትራማዶል 300 ሚሊግራም ነው። በአንድ አሥረኛው ብናሰላው እንኳ 30 ሚሊግራም ሞርፊን። አጎቴ የፈራውን መጠን እኔ ወራት ሙሉ እንደ ቆሎ እየቃምኩ ክፍል ገብቼ አስተምሬያለሁ። ያውም ያንቀጠቅጣል በሚባለው።

ይህን ስነግረው ሳቀ። «እንዲያ ከሆነ ከመምህር አላንስም፣ አምጡት!»

ፋርማሲስቷ አንድ ሌላ ነገር ነግራኛለች፤ እኛን በቀጥታ ስለሚነካ ልጻፈው። ኮዴይን ብቻውን ብዙ አይሠራም። ጉበት ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ሲቀይረው ነው። ትራማዶልንም ያው ኢንዛይም ያጠነክረዋል። በ1996 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶዎቹ የዚህ ኢንዛይም ጂን ትርፍ ቅጂ ተገኝቶባቸዋል። ከስዊድናውያን ጋር ሲተያይ በጣም ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ሰው መድኃኒቱን ቶሎና አብዝቶ ስለሚቀይረው፣ ሌላውን የማይጎዳ መጠን ትንፋሹን ሊያፍነው ይችላል። አሜሪካኖች በ2017 እ.ኤ.አ. ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሁለቱንም መድኃኒቶች ለሕመም እንዳይሰጡ ከልክለዋል። የምታጠባ እናትም እንዳትወስድ መክረዋል፤ በወተቱ ያልፋልና። እኛ ጋ ግን «ቀላሉን ስጪው» ሲባል የሚመጣው ያው ትራማዶል ነው።

የአጎቴን ሰዓት ግድግዳው ላይ በጠመኔ ጻፍኩለት። ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ከሰዓት 8፣ ማታ 12፣ ምሽት 4። የምሽቷ እጥፍ ናት፤ የሌሊቱን 8 ሰዓት ተኝቶ እንዲያልፍ። ባለ 10 ሚሊግራሙን ክኒን ሚስቱ በምላጭ ለሁለት ትከፍለው ነበር። (ቀስ እያለ የሚለቀው ዓይነት አይከፈልም፤ የእኛ ያ አልነበረም።) የሚጠይቁት ጎረቤቶች አረቄ ይዘው ሲመጡ በር ላይ የምመልሳቸው እኔ ነበርኩ። ትንፋሽን የሚያቆመው ከሁሉ በላይ ይህ መደረብ ነው፤ አረቄ ወይም እንደ ዲያዜፓም ያለ ማስተኛ። ስንቀሰቅሰው የማይነቃ ከሆነና ትንፋሹ ከተራራቀ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት ተብለን ነበር። ናሎክሶን የሚባል ማርከሻ አለ።

የመጀመሪያዎቹን 3 ቀናት አንቀላፋ። ሚስቱ አለቀሰች። በአራተኛው ነቃ፣ ሕመሙም በረድ አለ። ያልለቀቀው የሆድ ድርቀት ብቻ ነው። ማንቀላፋቱን ሰውነት ይለምደዋል፤ ድርቀቱን ግን አይለምደውም። ተልባ ጠጣ፣ ፓፓያ በላ፣ አልሆነም። ቢሳኮዲል ነው የገላገለው።

አምስት ወር ተኩል ኖረ። መጠኑ ከፍ እያለ ሄደ፤ በሽታው ስለገፋ። ግን ተኝቶ ያድር ነበር። በኅዳር ሰው ደግፎት አውድማ ድረስ ወጣ። ምርቱን አይቶ «በሬዬን ክፉኛ አክስታችሁታል» ብሎ ልጆቹን ሲቆጣ ሰማሁት።

ከአርባው በኋላ ሚስቱ ጠራችኝ። ከሣጥኗ አንድ ላስቲክ አወጣች። 23 ክኒን ተርፏል።

«ያዘው፣ ለወገብህ ይሆንሃል» አለችኝ።

ወገቤ በዚያ ቀን በእውነት አሞኝ ነበር። ከደምበጫ ፍኖተ ሰላም ሚኒባስ ውስጥ ላስቲኩን ኪሴ ውስጥ ሁለት ጊዜ ዳበስኩት። ቤት ሳልገባ መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ወረድኩ። የድሮ ተማሪዬ አንድ በአንድ ቆጠረች፣ መዝገብ ላይ 23 ብላ ጻፈች። ከዚያ እስክሪብቶውን ሰጠችኝ፣ ፈረምኩ።