«ፖርቹጋሎች ናቸው የሠሩት፣ አይደል?»

ፋሲል ግቢ የምንሠራ አስጎብኚዎች በሙሉ የምናውቃት አንዲት ጥያቄ አለች። «ይህን ቤተ መንግሥት ፖርቹጋሎች ናቸው የሠሩት፣ አይደል?» ፈረንጁም ይላታል፤ ሐበሻውም ይላታል። ለጥያቄነት ብትመጣ ደግ ነበር። ብዙ ጊዜ ግን ጎብኚው አስተማሪ ሆኖ ለልጁ ወይም ለጓደኛው የሚያስረዳት ነገር ናት። አስጎብኚው አጠገቡ ቆሞ ይሰማል።

አንድ ባልደረባችን ሥራ በጀመረ ሰሞን በዚህች ነገር ጉድ ሆነ። ልጁ ጎበዝ ነው። እንግሊዝኛው ጥሩ፣ ድምፁ ጥሩ፣ አለባበሱም የማያሳፍር። ከውጭ አገር ልጆቹን ይዞ የመጣ አንድ ወገናችን ከዐፄ ፋሲል ግንብ ፊት ቆሞ «ይሄ የፖርቹጋሎች ሥራ ነው» እያለ ሲያስረዳቸው፣ ልጁ አላስጨረሰውም። «እርስዎን የመሰለ ሰው ነው ታሪካችንን ለፈረንጅ የሚያስረክበው!» አለው። በልጆቹ ፊት። ሰውየው አንድ ቃል አልመለሰም። የልጆቹን እጅ ይዞ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ከላካቸው ድርጅት ስልክ ተደወለ። ልጁም ለጊዜው ከተራ ወጣ።

ማታ ጃንተከል ዋርካ አካባቢ ቡና ስንጠጣ ገና አልበረደለትም።

«ጋሼ፣ ለአገሬ ነው የተቆጣሁት። ይሄ ጥፋት ነው?»

«እሺ፣ ማን ሠራው?» አልኩት።

«እኛ ነና!»

«እኛ ማን? ኖራውን ማን አቃጠለ? ድንጋዩን ማን ጠረበ? አናጢው ማን ነበር?»

ዝም አለ። እኔም አልገፋሁበትም። መካሪ ሆኜ ማምሸት አልወድም፤ ያውም ሒሳቡን እኔው እየከፈልኩ።

ልጁ እንዳለው ለአገሩ ተቆርቁሮ ይሆናል። ግን ይበልጥ ያናደደው መልስ ማጣቱ ይመስለኛል። የሚናገረው ያለው ሰው ለመጮህ አይቸኩልም። እኛ ጋ ደግሞ ቁጣን ከአገር ፍቅር ጋር ማምታታት የተለመደ ነው። የሚያጨበጭብ ሰውም አይጠፋም። ያኔ እንኳ «ደግ አደረግህ፣ ልክ ልኩን ነገርከው» ያሉት ባልደረቦች ነበሩ። አልጠቀሙትም።

ከዚያ ክረምት ገባ። ጎንደር በክረምት ለአስጎብኚ አትመችም። ዝናብ፣ ጭጋግ፣ ጭር ያለ በር። አብዛኛው ሰው ፑል ቤት ይውላል ወይም ስልኩ ላይ ያፈጣል። አልፈርድም፤ ገቢ በሌለበት ማን ያጠናል? ልጁ ግን ደብተር ገዛ። ዩኒቨርሲቲ የሚማር ጓደኛው መጽሐፍ እየተዋሰ ያመጣለት ጀመር። ፀሐይ ብልጭ ስትል ግቢ ገብቶ ግድግዳ ለግድግዳ ይዞራል። ወዲያው ስም ወጣለት፦ ፕሮፌሰር።

ወኔ ተነሥቶበት እንዳይመስላችሁ። ይሰለቻል፤ አንዳንድ ሳምንት ጭራሽ ይጠፋል። «ደስ ሲለኝ ላንብብ ብል ኖሮ አንድ ገጽ አልገፋም ነበር» ብሎኛል። ዘዴ ነው የፈጠረው። ደብተሩን ቤቱ አይወስድም፤ ቡና የሚጠጣባት ሴትዮ ጋ ያስቀምጣል። ጠዋት ስኒውን ስታቀብለው ደብተሩንም አብራ ታቀብለዋለች። ሳይጽፍ ሊነሣ ሲል «ዛሬስ ምነው?» ትለዋለች። የእኔ ጥያቄዎች አንድ ማታ ዝም አሰኙት እንጂ፣ ክረምቱን ሙሉ ያስቀመጠችው የእሷ «ምነው?» ናት።

ጥር ላይ ከተማው ለጥምቀት ሲሞላ ያቺ ጥያቄ ተመልሳ መጣች። እኔ ከእንግዶቼ ጋር አጠገባቸው ነበርኩ። አንድ ሸምገል ያለ ፈረንጅ ለሚስቱ ያቺኑ ነገር ያስረዳታል። ልጁ ትንሽ ቆየ።

«ብዙ ሰው እንዲህ ይላል። እርስዎ የት ሰሙት?»

ሰውየው ስለ አንድ የድሮ የጉዞ መጽሐፍ ረዘም አድርጎ አወራ። ልጁ እስከ መጨረሻው ሰማው። ከዚያ ጀመረ። ፖርቹጋሎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1541 ከጦር መሪያቸው ከክርስቶፎር ዳ ጋማ ጋር መጥተዋል፤ ከሞት የተረፉት ብዙዎቹ እዚሁ ቀርተዋል። ጀስዊት የሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያንም በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ጎርጎራ ላይ ገንብተዋል። ይህን አልካደም፤ በጣም የወደድኩለትም ይሄን ነው። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን በ1636 የቆረቆሩት ግን ሚሲዮናውያኑን ከአገር ካስወጡ በኋላ ነው። በ1648 የመጣው የየመን መልእክተኛ አል ሐይሚ ቤተ መንግሥቱን በዓይኑ አይቶ ጽፏል፤ ግንበኛውን ሕንዳዊ ነው ይለዋል። በድንጋዩና በእንጨቱ ሥራ ደግሞ የቤተ እስራኤል ባለሙያዎች እጅ እንዳለበት በአገሩ ይነገራል።

«ታዲያ የማን ልበለው?» አለ ሰውየው።

«ያሠሩት ዐፄ ፋሲል ናቸው። የሠሩት ብዙ ናቸው።»

ፈረንጁ አላመነም። እስከ በሩ ድረስ እየተከራከረ ሄደ፤ ጉርሻውም ይህን ያህል አልነበረም። ልጁ ግን ፈገግ እንዳለ ሸኛቸው።

«ዛሬስ አልተናደድክም?» አልኩት በኋላ።

«ምን ማለትዎ ነው ጋሼ፣ ጆሮዬ ድረስ ነው የጋለው! ግን ከየቱ ልጀምር እያልኩ ሳስብ የምሳደብበት ጊዜ አለፈ።»

አሁን አዲስ ገቢዎችን የሚያለማምደው እሱ ነው። ደብተሩን ያውሳቸዋል፤ መልሱን ግን በቃል እንዲሸመድዱ አይፈልግም፤ «መጀመሪያ የት እንደሰሙት ጠይቋቸው» ይላቸዋል። ቁጡነቱ ጨርሶ ጠፍቷል ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል። ፋሲል ከነማ ነጥብ በጣለ ማግስት በጠዋት ይደውልልኛል። «ጋሼ፣ ዛሬ ተራዬን ከሰዓት አድርጉልኝ» ይላል። እናዞርለታለን።