ፍቅርና ብድር በዶቪል

ፓሪስ የአክስቴ ልጅ ጋ ሰንብቼ ነበር። «በዚህ ዝናብ ዶቪል ምን ልትሠሪ ነው?» አለችኝ። ዶቪል የሰሜን ፈረንሳይ ባሕር ዳር ከተማ ናት። ሽሮ ሜዳ ልብስ ሰፊ ነኝ። ፈረንሳዊቷ የፋሽን ዲዛይነር ኮኮ ሻኔል በ1913 (አቆጣጠሩ የፈረንጆቹ ነው) ሱቅ የከፈተችበትን መንገድ ሳላይ አልመለስም አልኳት።

ከሴን ላዛር ጣቢያ ባቡሩ ሁለት ሰዓት ከምናምን ፈጀ። ተኝቼ ስለነበር ስለ ገጠሩ የማወራው የለኝም።

ማደሪያዬ ግን ይወራለታል። 110 ዩሮ ለአልጋ ብቻ፣ ቁርስ ለብቻው 14 ዩሮ። ማሞቂያው አይሠራም። ለእንግዳ ተቀባዩ ልጅ ብነግረው የማሞቂያው ወቅት ገና አልደረሰም አለኝ። ካፖርቴን እንደለበስኩ ተኛሁ። የጎን ክፍሉ ሰውዬ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲያስል አንድም ሰው በሩን አላንኳኳም። እኛ ሰፈር ቢሆን ዳማከሴ ይዞ የሚመጣ አይጠፋም ነበር። እኔም አላንኳኳሁም፤ ይኸው ይቆጨኛል።

ጠዋት ጎንቶ ቢሮን መንገድ ሄድኩ። ከካዚኖው ጎን ያለ አጭር መንገድ ነው፤ ዛሬም የቅንጡ ሱቆች ሰፈር። ለሱቁ ገንዘብ ያበደራት አርተር ካፔል የሚባል እንግሊዛዊ ነው፤ «ቦይ» ይሉት ነበር። ፈረስ ጋላቢ፣ ሀብታም፣ ፍቅረኛዋ። ሴቶች በኮርሴት ወገባቸው ታንቆ በሚሄዱበት ዘመን እሷ ለቀቅ ያለ የጀርሲ ልብስ ሸጠች። ጀርሲ ያኔ የወንዶች የውስጥ ልብስ ጨርቅ ነበር። ደግሞ ይለጠጣል፣ ከመርፌው ሥር ይሸሻል። ሰፍቼው ስለማውቅ ድፍረቷ ይገባኛል። በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ሀብታሞቹ ከፓሪስ ወደዚህ ሸሹ፤ ገበያዋ ደራ።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ፍቅሩን ነው። እውነትም ያሳዝናል። በ1918 ካፔል የመኳንንት ልጅ አገባ፤ በ1919 ታኅሣሥ ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ በመኪና አደጋ ሞተ። እኔን የያዘኝ ግን ብድሩ ነው። ሻኔል ኋላ እንደተናገረችው፣ ሥራዋ የሚያተርፍ መስሏት ነበር፤ ባንኩ ግን ገንዘብ የሚለቅላት በካፔል ዋስትና ነው። ስትሰማ ተናደደች። ሠርታ መልሳ ከፈለችው። የእኔ የመጀመሪያ ሲንጀር በዕቁብ ነው የተገዛው። ዕቁብ በልቶ ያመለጠ ወንድ ፍቅረኛም ነበረኝ፤ ይቅር፣ እሱ የዚህ ጉዞ አይደለም።

ባሕሩ ዳር በእንጨት የተነጠፈው መንገድ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ሄድኩና ነፋሱ መለሰኝ። ቡና 5 ዩሮ ከ50፣ ሲኒውም የአሻንጉሊት።

ጣቢያው ውስጥ አንዲት አሮጊት አጠገቤ ተቀመጡ። ነጠላዬን በጣታቸው ነካ አደረጉና ጥለቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩት። ልብስ ሰፊ መሆናቸውን በዚያ ለየኋቸው፤ ሌላው ሰው ፊቱን ነው የሚያየው። ቋንቋ የለንም። «ኢትዮጵያ» አልኳቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥለቱ ጠርዝ ላይ የተፈታ ክር አሳዩኝና ከቦርሳቸው መርፌ አወጡ። ባቡሩ ሊነሳ አራት ደቂቃ ሲቀረው ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት።