ከካርዱ በፊት ገመዱን እዩ
ዛሬ ፒያሳ የውጭ ግራፊክስ ካርድ (ከላፕቶፑ ውጭ በራሱ ሳጥን የሚቀመጥ የምስል ማቀነባበሪያ) ከላፕቶፕ ጋር ሲገጠም ሰዓቱን የበላው ገመዱ ነው። ዩኤስቢ ሲ ሁሉ ተንደርቦልት (ካርዱ የሚፈልገው ፈጣን ግንኙነት) አይደለም፤ ቀዳዳው አጠገብ ቀስት ያለው የመብረቅ ምልክት ፈልጉ። የስልክ ቻርጀር ገመድ አፉ ቢገጥምም ካርዱ አይታይም፤ 40 ጊጋቢት በሰከንድ የሚያሳልፍ አጭር ገመድ ያስፈልጋል።

ሞኒተሩን ካርዱ ላይ ሰኩት፤ ምስሉ ወደ ላፕቶፑ ስክሪን ሲመለስ ያንኑ ገመድ ስለሚሻማ ፍጥነቱ ይወርዳል። ዊንዶውስ «ኮድ 12» ካለ ካርዱ ተቃጠለ ብላችሁ እንዳትመልሱት! ላፕቶፑ የሚመድብለት የሲስተም ሀብት አጥቶ ነው፤ ባዮስ (ላፕቶፑን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) ማደስ አንዳንዴ ይፈታዋል።

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ይቆያል፣ የካርዱ ሳጥን ግን ወዲያው ይጠፋል፤ ያልተቀመጠ ሥራም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪው ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ግዙለት፣ የካርዱንም ዋት የሚችል ይሁን።